ፍሬን የሌለው ሞተር ሳይክል፣ ሦስት ክለብ ያለው ሰው፦ የስፒድዌይ ተወዳዳሪ ኑሮ እንዴት ነው?

አራት ሰዎች ሞተር ሳይክላቸው ላይ ሆነው በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። ከፊታቸው ገመድ ተወጥሯል። አንደኛው አፈሩን በጫማው እየጫረ ለኋላ ጎማው ቦታ ያበጃል። ሌላው አንገቱን ደፍቶ ገመዱን ብቻ ያያል። ሞተሮቹ ያጓራሉ። ገመዱ ወደ ላይ ሲፈናጠር አራቱም እኩል ይወረወራሉ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ክርን ለክርን እየተጋፉ፣ አፈር እየረጩ፣ በጎን እየተንሸራተቱ ይገባሉ። አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ አለቀ።

ይህ ስፖርት ስፒድዌይ ይባላል። ሴፕቴምበር 2025 ላይ ፖላንዳዊው ባርቶሽ ዝማርዝሊክ በዴንማርኳ ቮየንስ ከተማ ለስድስተኛ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። አውስትራሊያዊውን ብራዲ ኩርትዝን የበለጠው በአንድ ነጥብ ብቻ ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስፖርቱን አዲስ የሚያይ ሰው ቶሎ ግራ የሚጋባው ፍጥነቱ ላይ አይደለም። ሰውዬው ማን እንደሆነ ነው። «የየትኛው ክለብ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ስፖርቱን የሚያውቅ ሰው መልሶ «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ሊላችሁ ይችላል። ማክሰኞ ለስዊድን ክለብ፣ ረቡዕ ለዴንማርክ፣ እሁድ ለፖላንድ ይወዳደራል። በእግር ኳስ ዓይን ካየነው ነገሩ እብደት ይመስላል። እዚህ ግን ኑሮው ራሱ እንዲህ ነው።

ለመሆኑ ስፒድዌይ ምንድን ነው?

ሞላላ የአፈር መም አለ። ርዝመቱ ዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን (ኤፍአይኤም) ባስቀመጠው ደንብ ከ260 እስከ 425 ሜትር ነው። በአንድ ውድድር አራት ሰው ይገባል፤ አራት ዙር ይሮጣል። ይህን አንዱን የአራት ዙር ውድድር ሂት ይሉታል። ሁልጊዜ የሚታጠፈው ወደ ግራ ነው።

ሞተር ሳይክሉ 500 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው። ክብደቱ 80 ኪሎ ገደማ ነው። የሚነዳው በቤንዚን ሳይሆን በሜታኖል ነው። ማርሹ አንድ ብቻ ነው። ማስነሻ ስለሌለው ተገፍቶ ይነሳል። ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ሦስት ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል።

የስፖርቱ መነሻ ተብሎ በብዛት የሚጠቀሰው በአውስትራሊያ፣ ዌስት ሜይትላንድ ከተማ፣ በዲሴምበር 1923 የተደረገው ውድድር ነው። ያዘጋጀው ጆኒ ሆስኪንስ የተባለ የኒውዚላንድ ሰው ነበር። በፌብሩዋሪ 1928 ለንደን አጠገብ ሃይ ቢች ላይ ትልቅ ውድድር ተደረገ፤ ከዚያ በኋላ እንግሊዝን ያዳረሰው ባጭር ጊዜ ነው። በ1936 የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ዌምብሌይ ላይ ተካሄደ። ያሸነፈው አውስትራሊያዊው ሊዮኔል ቫን ፕራግ ነበር።

ፍሬን ከሌለው እንዴት ይቆማል?

አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ፍሬን የለውም። የተረሳ ነገር አይደለም፤ ደንቡ ነው። አራት ሰው በክንድ ርቀት ተጠጋግቶ ሲሮጥ አንዱ ድንገት ፍሬን ቢይዝ፣ ከኋላ ያለው የሚያመልጥበት መንገድ የለውም። ፍሬኑ የቀረው ለደህንነት ሲባል ነው።

ታዲያ ፍጥነቱን የሚቀንሰው በምንድን ነው? በመንሸራተት። ጭቃ ላይ መኪና ነድታችሁ ከሆነ ይገባችኋል። የመኪናው ጭራ ወደ ቀኝ ሲሄድባችሁ መሪውን እናንተም ወደ ቀኝ ታዞራላችሁ። የስፒድዌይ ተወዳዳሪ ይህን ሆን ብሎ፣ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ያደርገዋል። የኋላ ጎማው ወደ ውጭ እንዲንሸራተት ይለቅቀዋል፤ የፊት ጎማውን ወደ ቀኝ አዙሮ ወደ ግራ ይታጠፋል። በጎን የሚሄድ ጎማ አፈሩን ሲያርስ ፍጥነት ይበላል። ፍሬኑ አፈሩ ነው ማለት ይቻላል።

ግራ እግሩ መሬት ላይ ይንሸራተታል። ለዚህም ከጫማው ሥር የብረት ሽፋን ያስራል። ቀኝ እጁ ነዳጅ መስጫው ላይ ነው። እዚህ ላይ አንድ ለማመን የሚከብድ ነገር አለ። የፈራ ሰው መታጠፊያ መሃል ላይ ድንገት ነዳጁን ከዘጋ አደጋው ይብሳል። እየተንሸራተተ የነበረው ጎማ በአንዴ መሬቱን ይነክስና ሰውዬውን አሽቀንጥሮ ይጥለዋል። ጀማሪ የሚማረው ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው፦ ስትፈራ እጅህን ቀስ አድርግ።

እጁ አንጓ ላይ ደግሞ አንዲት ገመድ ትታሰራለች። ሌላኛው ጫፍ ሞተሩን የሚያጠፋው ቁልፍ ላይ ነው። ሲወድቅ ገመዷ ትነቀላለች፤ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ትንሽ ነገር ናት፤ ስንቱን ሰው ማዳኗን ግን አስቡት።

ነጥብ እንዴት ይቆጠራል?

አንደኛ የወጣ 3 ነጥብ፣ ሁለተኛ 2፣ ሦስተኛ 1፣ መጨረሻ የወጣ 0 ያገኛል። በክለብ ግጥሚያ ከየክለቡ ሁለት ሁለት ሰው ይገባል። ስለዚህ አንድ ሂት 5 ለ 1፣ 4 ለ 2 ወይም 3 ለ 3 ያልቃል። አንድ ግጥሚያ በተለምዶ 15 ሂት አለው። 6 ነጥብ በ15 ሲባዛ 90 ነው። 46 ያገኘ አሸነፈ።

አሁን ወደ ቦነስ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የማይገባው ይህ ነው። ሁለት የአንድ ክለብ ልጆች አንደኛና ሁለተኛ ሆነው እየመሩ ነው እንበል። ሁለተኛው ጓደኛውን ለመቅደም ቢታገል ሁለቱም ሊወድቁ ይችላሉ። ክለቡ ደግሞ ከዚህ ትግል የሚያገኘው ነገር የለም፤ 5 ለ 1ቱ በእጁ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ጓደኛውን ከኋላ ሆኖ ቢጠብቀው ይሻላል። ይህን በማድረጉ ኪሱ እንዳይጎዳ አንድ የቦነስ ነጥብ ይጻፍለታል። የክለቡ ውጤት ላይ አይደመርም። የራሱ መዝገብ ላይ ግን ይገባል፤ ሲከፈለውም ይታሰባል።

ነጥብ ለተወዳዳሪው ክብር ብቻ አይደለም፤ እንጀራው ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህች እውነት ነው።

ደመወዝ አለው?

እንደ ቢሮ ሠራተኛ የወር ደመወዝ ብላችሁ አታስቡት። ዋናው ገቢ በነጥብ ነው። ክለቡ ለእያንዳንዱ ነጥብ ይህን ያህል እከፍላለሁ ብሎ ይዋዋላል። በተለይ ፖላንድ ውስጥ ዓመቱ ከመጀመሩ በፊት ለዝግጅት የሚሆን ገንዘብም ይሰጣል። ዜሮ አምጥቶ የወጣ ሰው በነጥብ የሚያገኘውም ዜሮ ነው።

ወጪው ግን ዜሮ አይሆንም። አብዛኛውን ጊዜ ሞተር ሳይክሉ የተወዳዳሪው የራሱ ንብረት ነው። ጎማውን፣ ነዳጁን፣ መለዋወጫውን ራሱ ይችላል። የሜካኒኮቹን ደመወዝ የሚከፍለው እሱ ነው። መኪናው የእሱ ነው፤ የአውሮፕላን ትኬቱም ከእሱ ኪስ ነው የሚወጣው። ሰውዬው ሯጭ ብቻ አይደለም፤ አነስተኛ ድርጅት ነው። ከዓርማው ጀምሮ እስከ ሂሳብ ሠራተኛው ድረስ ማሰብ አለበት።

ሞተሩ ራሱ አንድ ዓለም ነው። ሙዚቀኛ መሣሪያውን እንደሚቃኘው ሞተር የሚቃኙ ባለሙያዎች አሉ። ሥራቸው ሞተሩን ፈትተው፣ አጥበው፣ ለአንድ ተወዳዳሪ አነዳድ እንዲስማማ አድርገው መልሰው መግጠም ነው። ጥሩ ቃኚ ያገኘ ሰው ከገመዱ ሲነሳ ያስታውቃል። ተወዳዳሪው ሁለት ሳምንት ሙሉ ነጥብ ካጣ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ሳይሆን ሞተሩን ነው። ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው።

የልብሱም ነገር ቀልድ አይደለም። በ2023 ዝማርዝሊክ የዓለም ሻምፒዮናውን እየመራ ቮየንስ ደረሰ። ዋንጫውን እዚያው ሊወስድ ይችል ነበር። ነገር ግን በማጣሪያው ልምምድ ላይ የለበሰው ልብስ የውድድሩ ደንብ የሚያዘው አልነበረም። ከቀኑ ውድድር ተሰረዘ። ተመልካች ሆኖ ቀረ። ዋንጫውን በኋላ ፖላንድ፣ ቶሩን ላይ አገኘው እንጂ፣ በልብስ ምክንያት የዓለም ክብር ሊያመልጠው ነበር።

በአንድ ሳምንት ሦስት አገር እንዴት ይዳረሳል?

ሊጎቹ ቀን ተከፋፍለዋል። ስዊድን በአብዛኛው ማክሰኞ ናት። ዴንማርክ ረቡዕ። ብሪታንያ ሰኞና ሐሙስ ላይ ትበዛለች። ፖላንድ አርብና እሁድን ይዛለች። ቅዳሜ ለዓለም ሻምፒዮናው ይተዋል። ቀኖቹ ካልተጋጩ ሰውዬው ከአንዱ ወደ ሌላው ይበራል።

ሞተር ሳይክሉስ? እሱ አይበርም። ስለዚህ ታዋቂዎቹ በየአገሩ ሞተር ሳይክል ያስቀምጣሉ፤ ሜካኒክም በየአገሩ ይቀጥራሉ። አቅም የሌለው ወጣት ደግሞ አንድ ቫን ይኖረዋል። ማታ ውድድር ያልቃል፤ አፈሩ ሳይራገፍ ዕቃው ይጫናል፤ ሜካኒኩ ሌሊቱን ሙሉ ይነዳል። ለመርከብ ይሰለፋሉ። ነግቶ ሲደርሱ ታጥቦ፣ ዘይት ተቀይሮ፣ ጎማ ተገጥሞ ማታ እንደገና ገመዱ ፊት ይቆማል። ይህን ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት አስቡት። እኔን ከፍጥነቱ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ከሁሉም ሀብታሙ የፖላንድ ሊግ ነው፤ ኤክስትራሊጋ ይባላል። ፖላንድ ውስጥ ስፒድዌይ የዳር ስፖርት አይደለም። ሌሽኖ 60 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት፤ ክለቧ ኡኒያ ግን በአገሪቱ ሊግ ታሪክ ከሁሉም የበለጠ ዋንጫ አለው። ቶሩን በ2009 ለዚህ ስፖርት ብቻ ተብሎ የተሠራ፣ 15 ሺህ ገደማ ሰው የሚይዝ ስታዲየም አላት።

ሊጉ ገንዘቡን ለውጭ ሰው ብቻ እንዳይበትን አንድ ብልህ ደንብ አለው። እያንዳንዱ ክለብ ከ21 ዓመት ያልበለጡ ወጣቶችን ማሰለፍ ግዴታው ነው። ሁለተኛው ሂት ለእነሱ ብቻ የተተወ ነው። ዝማርዝሊክም ያደገው በዚህ መንገድ ነው። ጎዡፍ ከተማ የዓለም ሻምፒዮናውን ስታዘጋጅ ለአገሬው ልጅ የሚሰጠውን የአንድ ቀን ቦታ አግኝቶ በ2012፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ ሦስተኛ ወጣ። በ2014 እዚያው ከተማ አሸነፈ። በ2015 ከ21 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ጎበዝ መሆን ሥራ ያሳጣል?

ብሪታንያ ውስጥ ሊያሳጣ ይችላል። አንብቤው ሳልጨርስ ተሳስቻለሁ ብዬ የተመለስኩበት ደንብ ነው።

እያንዳንዱ ተወዳዳሪ አማካይ አለው። ያገኘውን ነጥብ ከነቦነሱ ትደምራላችሁ። በገባበት ሂት ብዛት ታካፍላላችሁ። ውጤቱን በ4 ታባዛላችሁ። በ5 ሂት 10 ነጥብ ያመጣ ሰው አማካዩ 8 ነው። ሁሉን ያሸነፈ 12 ይሆናል።

ዓመቱ ሲጀምር የአንድ ክለብ ተወዳዳሪዎች አማካይ ተደምሮ ከተወሰነ ጣሪያ ማለፍ የለበትም። ዓላማው ጥሩ ነው፤ ባለ ገንዘብ ክለብ ጎበዞቹን ሁሉ እንዳይሰበስብ። ግን ውጤቱን እዩ። አምና በ5 አማካይ የገባ ልጅ ዘንድሮ 8 ደርሷል። ክለቡ በሙሉ ልብ ይወደዋል፤ ደጋፊው ስሙን ይጠራል። ሂሳቡ ሲሠራ ግን ድምሩ ጣሪያውን ያልፋል። አንድ ሰው መውጣት አለበት፤ ያ ሰው እሱ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው፣ ተጎድቶ አማካዩ የወረደ አንጋፋ ተወዳዳሪ በድንገት ሁሉም የሚፈልገው ሰው ይሆናል፤ ከወረቀቱ በላይ እንደሚሠራ ያውቃሉና። ክለቦች ውድድር የሌለባቸውን የብርድ ወራት የሚያሳልፉት ካልኩሌተር ይዘው ነው።

የዓለም ሻምፒዮን የሚለየው እንዴት ነው?

እስከ 1994 ፍጻሜው በአብዛኛው አንድ ማታ ብቻ ነበር። 16 ሰው፣ 20 ሂት፣ እያንዳንዱ አምስት ጊዜ ይገባል። የዚህን ሰንጠረዥ ውበት ልብ በሉልኝ። ከ16 ሰው ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ብታጣምሩ 120 ጥንድ ይወጣል። አንድ ሂት ላይ ካሉት አራት ሰዎች 6 ጥንድ ይወጣል። 6 በ20 ሲባዛ 120። ስለዚህ ሁሉም ከሁሉም ጋር አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይገናኛል። ማንም ቀላል ዕጣ ደረሰው አይባልም።

ችግሩ ዓመት ሙሉ የለፉበት ነገር በአንድ ማታ መወሰኑ ነበር። ሰንሰለት ከተበጠሰ አለቀ። በ1977 የእንግሊዙ ፒተር ኮሊንስ፣ የወቅቱ ሻምፒዮን፣ እግሩ ተሰብሮ ሳይድን ፍጻሜው ላይ ቀረበ። ሁለተኛ ወጣ። ሌላ ማታ እንደሌለ ያውቃል።

ከ1995 ጀምሮ ግራንድ ፕሪ ተባለ። በተለያዩ አገሮች ብዙ ዙር ይካሄዳል፤ ነጥቡ ዓመቱን ሙሉ ይደመራል። ስዊድናዊው ቶኒ ሪካርድሰን የመጀመሪያ ዋንጫውን በ1994 በአሮጌው ሥርዓት፣ የቀሩትን አምስት ደግሞ በአዲሱ አሸነፈ። የመጨረሻው በ2005 ነበር።

በዓለም ሻምፒዮናው የሚወዳደሩት በአገር ስም ነው፤ ይህም መዘዝ አለው። የ2021 ሻምፒዮን ሩሲያዊው አርትዮም ላጉታ በሚቀጥለው ዓመት ዋንጫውን ለማስጠበቅ መግባት አልቻለም። ከዩክሬን ጦርነት በኋላ ፌዴሬሽኑ የሩሲያ ተወዳዳሪዎችን አግዶ ነበር።

ከሩቅ አገር የተነሳ ሰውስ?

ኢቫን ሜጀርን ላንሳ። የተወለደው በኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች፣ በ1939 ነው። በ1957 በ17 ዓመቱ እንግሊዝ ገባ። አልሆነለትም። አገሩ ተመለሰ። በ1963 እንደገና ሄዶ ለኒውካስል ክለብ ፈረመ። ያኔ 23 ዓመቱ ነበር። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ጉዞ አይሞክረውም።

በ1968 ጎተንበርግ ላይ ሻምፒዮን ሆነ። በ1969 ዌምብሌይ ደገመ። በ1970 ፖላንድ፣ ቭሮጽዋፍ ላይ ሠለሰ። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ሰው ከእሱ በፊት አልነበረም። ሁለት አሜሪካውያን አድናቂዎች ሦስተኛውን ካሸነፍክ ሞተር ሳይክልህን በወርቅ እናስለብጠዋለን ብለውት ነበር። ቃላቸውን ጠበቁ። ያ በወርቅ የተለበጠ ሞተር ሳይክል በኋላ በትውልድ ከተማው ሙዚየም ለእይታ በቃ።

በ1972 እና በ1977 እንደገና አሸነፈ። ስድስተኛውን በ1979 ሆዡፍ ላይ ሲወስድ 40 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ገደማ ቀርቶት ነበር። ይታወቅ የነበረው በጀብዱ አልነበረም። በዝግጅቱና በአነሳሱ ነበር። ከገመዱ ቀድሞ መውጣት ግማሽ ድል መሆኑን ያወቀ ሰው ነው። ዛሬ ስድስት የዓለም ዋንጫ ያላቸው እሱ፣ ሪካርድሰንና ዝማርዝሊክ ብቻ ናቸው።

ሥራው የሚያበቃው መቼ ነው?

አንዳንዱ በራሱ ጊዜ ይወጣል። አሜሪካዊው ግሬግ ሃንኮክ አራተኛ ዋንጫውን በ2016 ሲያነሳ 46 ዓመቱ ነበር።

ሌላው ምርጫ አያገኝም። የዴንማርኩ ኤሪክ ጉንደርሰን፣ የሦስት ጊዜ ሻምፒዮን፣ በ1989 ብራድፎርድ ላይ ወድቆ መሞቱ ነው ተብሎ ነበር፤ ዳነ፣ መራመድን እንደገና ተማረ፣ ወደ ውድድር ግን አልተመለሰም። የ1990 ሻምፒዮን ስዊድናዊው ፔር ዮንሰን በ1994 ፖላንድ ውስጥ ወድቆ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። አውስትራሊያዊው ዳርሲ ዋርድ በ2015 ዤሎና ጉራ ላይ ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። ገና 23 ዓመቱ ነበር። እንግሊዛዊው ሊ ሪቻርድሰን በ2012 ቭሮጽዋፍ ላይ ሕይወቱ አለፈ። ዛሬ በትልልቅ ውድድሮች መታጠፊያው ላይ በአየር የተሞላ አጥር ይቆማል። ብዙ አጥንት አድኗል። ሁሉን ግን አያድንም። ይህን ሳይናገሩ ስለ ስፒድዌይ መጻፍ ልክ አይመስለኝም።

በሰላም የወጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሞተሩ አይርቅም። አውስትራሊያዊው ኒል ስትሪት ተወዳዳሪ ነበር፤ ከዚያ ሞተር ሠሪ ሆነ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ጃዋ የተባለውን የቼክ ሞተር ባለ አራት ቫልቭ አድርጎ ቀየረው። ልጁን ያገባው ፊል ክረምፕ በዚያ ሞተር ተወዳደረ፤ በ1976 ከዓለም ሦስተኛ ወጣ። የፊል ልጅ ጄሰን በ1975 የተወለደው አውስትራሊያ ውስጥ አይደለም። እንግሊዝ፣ ብሪስቶል ነው፤ አባቱ ያኔ ለብሪታንያ ክለብ ይወዳደር ነበርና። ጄሰን በ2004፣ በ2006 እና በ2009 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2012 በቃኝ አለ። በ2021፣ በ45 ዓመቱ፣ ኢፕስዊች ለሚባለው የእንግሊዝ ክለብ ሊወዳደር ተመልሶ ገመዱ ፊት ቆመ።